መጀመሪያ አንቺ ዋጪ

ደማም፣ አል ፈይሰሊያ
ኅዳር 18 ቀን 2017

ይድረስ ለእታለሜ ለነኢማ፣ የአጎቴ ልጅ ብቻ ሳትሆኚ ለልጄ ሁለተኛ እናት ለሆንሽው። አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? ደጅሽ፣ ጎረቤትሽ፣ ዶሮዎችሽ ሳይቀሩ እንደምን ናቸው? የኔ ጀነትስ ቁመቷ ጨመረ? እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ የሚያስቸግረኝ ወገቤ ብቻ ነው፣ እሱም ደረጃ ሲበዛ። አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ፣ በእጃችሁ ያለውን ያበርክትላችሁ።

ስልክ እያለ ለምን በወረቀት ጻፈች እንዳትዪ። የስልኩን ፊደል እየለቀምኩ አንድ ቃል ሳልሞላ ማዳም ትጠራኛለች። ድምፅ ልላክ ብል ደግሞ እዚህ ቤት ግድግዳውም ይሰማል። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት ጽፌ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። አንቺም እንዲሁ አድርጊ፣ የእጅ ጽሕፈትሽ ናፍቆኛል።

ዛሬ የማጫውትሽ ስለ ሲሀም ነው፣ ስለ ማዳሜ ትንሿ ልጅ። ስድስት ዓመቷ ነው። በበጋው ሙቀት ሰሞን ኮበር ባሕሩ ዳር ካለ ምግብ ቤት ሁሉም ሲበሉ የወይን ፍሬ ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረባት። አባቷ ፈሀድ ጀርባዋን መትቶ አወጣላት፣ አላህ አተረፋት። ከዚያ ወዲህ ግን ልጅቷ መዋጥ ፈራች። ወላሂ፣ መዋጥ! ምግብ ጠልታ እንዳይመስልሽ፤ ይርባታል፣ ሩዙን ስታይ ምራቋ ይመጣል። ትጎርስና ታኝካለች፣ ታኝካለች፣ ከዚያ እንደ ጦጣ ጉንጯ ውስጥ ታከማቸዋለች። "ዋጪ" ሲሏት ዓይኗ ይፈጣል፣ የጎረሰችውን ሁሉ መልሳ ትተፋዋለች። ኑሮዋ ወተትና ሾርባ ሆኖ ቀረ።

ኮበር ያለች ሐኪም ጋ ይዘናት ሄድን። ሐኪሟ መረመረቻትና "ጉሮሮዋ ንጹሕ ነው፣ በሽታዋ ፍርሃት ነው" አለች። እንዲህ ያለው ፍርሃት ብዙ ዓይነት ነው አለች። አንዱ ሰው እያየው መብላት ይፈራል። ሌላው እንቁላል ሲያይ ይሸሻል። ደግሞ የተፈጨ ለውዝ ላንቃዬ ላይ ይጣበቅብኛል ብሎ የሚንቀጠቀጥ አለ። እኔ ሳቄ መጣ፣ በሻርፔ ደበቅሁት። "የምታምነው ሰው ቀድሞ ይዋጥላት፣ አፉን ከፍቶ ባዶ መሆኑን ያሳያት፣ ከዚያ ትንሽ ትንሽ ያጉርሳት" አለች። ማዳም "እናቷ እኔ ነኝ" ብላ ቀደመች።

እቤት ገብተን ማዳም ሞከረች። ሲሀም አፏን ጥርቅም! አባቷ ሞከረ። ጥርቅም! ከዚያ ያችን ትንሽ ጣቷን ቀስራ ወደኔ ጠቆመች። ሩዝ ጠቅልዬ ጎረስኩ፣ ዋጥኩ፣ አፌን ከፈትኩላት። አንገቷን አስግጋ ከምላሴ ሥር ሳይቀር ፈተሸችኝ። "ማፊ" አለች፣ የለም ማለቷ ነው። ከዚያ የራሷን አፍ ከፈተች። አጎረስኳት። ዋጠች!

የማዳምን ፊት ብታዪው! ደስ ብሏት አለቀሰች፣ ግን ለቅሶዋ ውስጥ ሌላ ነገር አለ። ቀናች ነኢማ። ጎረቤታችን ቤት የምትሠራው ሔለን ቆሻሻ ልንጥል ስንወጣ ነገርኳትና "አንቺ ሴት፣ ሌላው ደመወዝ ይጠይቃል፣ አንቺ ልጅ ወሰድሽ?" አለችኝ።

ይህን ለጀነቴ አንብቢላት፣ ትሳቅ።

ናፋቂሽ ሙህሲና


ሐይቅ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017

ለእህቴ ለሙህሲና። ወአለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላህ። ባሕር ቢለየን ዱዓ አይለየን። ወገብሽን አላህ ያሽረው፤ ደረጃውን ቀስ እያልሽ ውጪ፣ ቤቱ የትም አይሄድም። እኛ ደህና ነን። ከዶሮዎቹ አንዷን ሸለምጥማጥ በላት፣ የቀሩት አሉ። መልስ የዘገየብሽ ጤፍ አጨዳ ላይ ስለነበርን ነው፣ ኔትወርኩም ይጠፋል።

ደብዳቤሽን እንዳዘዝሽኝ ለጀነት አነበብኩላት። ጎረቤቱም ተሰብስቦ ነበርና ሰዉ በሳቅ ሞተ። ባለ ሱቁ ሙዐዝ "ለውዝ የሚፈራ ሰው ካለ አደራ እዚህ እንዳይመጣ፣ ከሰርኩ!" እያለ ሰፈሩን ሲያስቅ ዋለ።

ጀነት አልሳቀችም። አንዴ ብቻ ጠየቀችኝ።

"በየቀኑ ነው የምታጎርሳት?"

"አዎ፣ ሥራዋ ነው እኮ" አልኳት።

ተነሥታ ዶሮ ልታስገባ ሄደች። ሰሞኑን ምግብ ቀነስ አድርጋለች፣ ብርዱ ነው መሰለኝ። አታስቢ።

የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ለጉሮሮ የሚሆን ሽሮፕና ትንሽ ማር ላኪልኝ። ለኔ ነው፣ ያስለኛል።

እህትሽ ነኢማ


ደማም፣ አል ፈይሰሊያ
ታኅሣሥ 22 ቀን 2017

ለእታለሜ ነኢማ፣ ሰላምታዬ ከደጅሽ እስከ ጓዳሽ ይግባ። አላህ ሳልሽን ያንሳልሽ። ሽሮፑንና ማሩን አል ባዲያ ገበያ ወርጄ ገዝቼ ወደ አገር ለምትገባ የወረባቦ ልጅ ሰጥቻታለሁ።

አንቺ ግን ምነው ጨከንሽ? እዚህ ስልክ ላይ ሁለቷ ምልክት ሰማያዊ ከሆነች ስንት ጊዜዋ! አንብበሽ ዝም ማለትሽን እያየሁ ነው ወር የሞላሁት። ኔትወርክ አትበዪኝ፣ ኔትወርክ ሰማያዊ አያደርግም።

የሲሀም ነገር ጉድ ሆኗል። ዳቦ ዋጠች፣ ተምር ዋጠች፣ በቀደም የእንቁላል አስኳል ዋጠች። ያለኔ ግን በፍጹም። ትምህርት ቤት እንኳ ምሳዋን ይዤላት እየሄድኩ ነው፤ ሹፌሩ ኸጣብ "ዛሬም ጉሮሮ ልትከፍቺ ነው?" እያለ ይቀልድብኛል። ማዳም ብሶባታል። የብር ማንኪያ ገዝታ መጣች፣ "በዚህ ይሁን፣ በእጅ ቆሻሻ ነው" ብላ። ሲሀም ማንኪያውን ወለሉ ላይ ወረወረችው። ማዳም እጄን እንድታጠብ ላከችኝ፣ ታጠብኩ። እንደገና አለችኝ፣ ታጠብኩ። ከዚያ "ኸላስ፣ በቃ ግቢ" ብላኝ እሷ መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። አንጀቴን በላችው፣ አልዋሽሽም። ግን ደስም ብሎኛል። የዚያ ሁሉ ወርቅ ባለቤት በኔ እጅ ስትቀና ማየት ቀላል ነገር ነው?

ጀነት በቪዲዮ ስደውል ለምን ወደ ካሜራው አትመጣም? "ሽንት ቤት ናት"፣ "ሱቅ ሄዳለች" ትይኛለሽ። ቀኑን ሙሉ ሱቅ የሚውል ልጅ አለ?

ሙህሲና


ሐይቅ
ጥር 30 ቀን 2017

ለሙህሲና። ሰላሙን አላህ ያብዛልሽ።

ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ስንቴ ቀደድኩት። አሁን እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ፣ አንቺም ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ሽሮፑ ለኔ አልነበረም። ጀነት መዋጥ አቁማለች። ደብዳቤሽ ከተነበበ ወዲህ ነው። መጀመሪያ እንጀራውን እየቆነጠረች ለዶሮ ስትጥል ያዝኳት። ከዚያ አጥሚት ብቻ ሆነ፤ አሁን እሱም በግድ ነው። አንገቷ ቀጥኖ ቀጥኖ ያስፈራል። ካሜራ ፊት ያላመጣኋት ለዚህ ነው። ደሴ ሆስፒታል ወስጄ ጉሉኮስ ተሰጣት። ሐኪሙ ጉሮሮዋን አይቶ "ምንም የለም" አለኝ። ጎረቤቱ "ዓይን ነው" ብሎ ሼሁ ጋ አስወሰደኝ፤ እሳቸው ቁርዓን ቀሩባት፣ ከዚያ ጠጋ ብለው "ይቺ ልጅ ማንን ነው የምትጠብቅ?" አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ስትጀምር ልታስመስል ነው ብዬ ተቆጣኋት። አስመስላም ከሆነ አሁን አልፏታል። ጉርሻው አፏ ሲገባ ላብ ያሰጥማታል፣ ልብሴን ጨምድዳ ትይዛለች። ልጅ እንዲህ አድርጎ አያስመስልም።

ሐኪምሽ ያለችውን አደረግሁ። ጎረስኩ፣ ዋጥኩ፣ ጥርስ በሌለው አፌ አሳየኋት። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ?

"አንቺ አይደለሽም። የሷ እጅ ካልሆነ አይወርድም። ለዚያች ዐረብ ትውጥላታለች፣ ለእኔ አንድ ቀን ውጣልኝ አታውቅም።"

ጡት ካስጣልሻት ጊዜ ጀምሮ በዚህ እጅ ነው የበላችው። ስታተኩስ በዚህ እጅ፣ ስታለቅስ በዚህ እጅ። እኔ አልወለድኩም፣ አላህ አልፈቀደልኝም፤ እሷን ሰጥቶኛል ብዬ ነበር የምኖረው። ዛሬ አንድ ደብዳቤ ባነብላት ከእጄ ወሰድሻት። ቀናሁብሽ ሙህሲና። እዚህ በሌለች ሴት ቀናሁ። ምን ሊያደርግልሽ ጻፍሽው? እኔስ ምን ነክቶኝ አነበብኩት?

ሌላ ምንም አልፈልግም። ከቻልሽ ነይ።

ነኢማ


ደማም
የካቲት 1 ቀን 2017

ነኢማ፣ እህቴ።

ሰላምታ እንኳ መጻፍ አቃተኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ያቺ ልጄ በኔ ቀለም ተራበች። ለሷ ብዬ የሰው ልጅ እያጎረስኩ የሷን አፍ ዘጋሁት።

ዛሬውኑ ፈሀድን ኹሩጅ ጠየቅሁት፣ ካገር መውጫውን ፈቃድ። "ሙሽኪላ፣ ችግሩ ምንድነው?" አለኝ፣ ነገርኩት። ደግ ሰው ነው፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ግን ሲሀምን አየና አቀረቀረ። ማዳም ነች ከበስተኋላ የጮኸችው፣ "ማፊ ሰፈር! የትም አትሄድም! ልጄስ?"

ያች ሴት! እጄን የምትጠላው እሷ፣ እጄን የማትለቀው እሷ!

"ማዳም፣ የኔም ልጅ አትውጥም" አልኳት። እሷም "ያንቺ ልጅ እናቷን ትጠብቃለች፤ የኔ እኔን አትፈልግም" አለችኝ።

እንግዲህ ሲሀም ከእናቷ እጅ ካልበላች እኔ መውጫ የለኝም። ሥራዬ አሁን ያ ነው። ለጀነት እማሽ እየመጣች ነው በያት። ከዚህ ሌላ አትንገሪያት።

ሙህሲና


ደማም፣ አል ፈይሰሊያ
መጋቢት 3 ቀን 2017

ለእታለሜ ነኢማ። ረመዳን ከሪም፣ ፆማችንን አላህ ይቀበለን። ለየካቲቱ መልስ አልሰጠሽኝም፤ ስደውልም "ደህና ናት፣ ደህና ናት" ብቻ ነው። ተቆጥተሽኝ ከሆነ ሐቅሽ ነው። ግን ጻፊልኝ።

ፆሙ ሲገባ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። እኔ ፆመኛ ነኝ፤ ቀን ዋጥ አድርጌ አፌን ላሳያት አልችልም። ሲሀም ደግሞ ሰው ቀድሞ ካልዋጠላት አትነካም። ልጅቷ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ በወተት ልትውል ሆነ። መጀመሪያውን ሰሞን እንዲሁ አለፈ። በኋላ ማዳም የሴት ልጅ ወሯ መጣ፤ ያኔ ፆም የለባትም፣ ትበላለች፣ ያው ተደብቃ ነው እንጂ። ኩሽና ገብቼ "ማዳም፣ ዛሬ በዚህ ቤት ቀን መዋጥ የሚችል አንቺ ብቻ ነሽ" አልኳት።

ክብሯን የምትወድ ሴት ናት፣ ባሏ ፊት እንኳ አፏን በእጇ ሸፍና ነው የምትስቅ። ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ዳቦ ጎረሰች፣ ዋጠች፣ አፏን ከፈተች። ሲሀም ወደኔ ዞራ አየችኝ። ፆመኛ አፌን በእጄ ይዤ "እሷን እዪ" አልኳት። ልጅቷ አላመነችም። ማዳም ደግማ ጎረሰች፣ ደግማ ከፈተች፣ እንባዋ ወደ አፏ እየገባ። ሲሀም ጠጋ ብላ ፈተሸቻት፣ "ማማ፣ ጥርስሽ ወርቅ አለው!" ብላ ሳቀች። ስትስቅ ማዳም አጎረሰቻት። ወረደ።

እኔ ምን ሆንኩ መሰለሽ? የለመንኩት ሆነልኝ አይደል? ሻርፔን ነክሼ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባሁ። ቅናት እንዲህ ያቃጥላል እንዴ ነኢማ? በሰው ልጅ! ከዚያ ቀን ወዲህ ሲሀም ከኔ እጅ አልበላችም፤ እናቷ ስትፆምም ትጠብቃታለች እንጂ ወደኔ አትመጣም። ሔለን አይታኝ "ምነው፣ ሰው የሞተብሽ መሰልሽ?" አለችኝ። "እጄ ሥራ ፈታ" አልኳት።

ማዳም አሁን ልትሸኘኝ ቸኩላለች። ከዒድ በፊት ኹሩጅ እንስጥሽ፣ አትመለሺ ትለኛለች። ፈሀድ ግን "ኮበር ያለችው እህቴ ትፈልግሻለች፣ ከፈለግሽ ውሉን ወደሷ እናዙረው፣ ሁለት ዓመት" ብሎኛል። እኔ መምጣት ነው የምፈልግ። ጀነትን ንገሪኝ፣ እንዴት ናት? እውነቱን።

ሙህሲና


ሐይቅ
መጋቢት 12 ቀን 2017

ለሙህሲና። ረመዳኑን አላህ ለኸይር ያድርግልን፣ ለዒዱ በሰላም ያድርሰን።

እውነቱን አልሽ፣ ይኸው። ጀነት እየበላች ነው።

እማሽ ትመጣለች ብዬ ነግሬያት ነበር። ሰነበተ፣ አልመጣሽም። ጭራሽ ባሰባት። አንድ ቀን መግሪብ አዛን አለ፤ ተምሩና ውሃው ፊቴ ተቀምጧል፣ እኔ አልነካሁትም።

"አፍጥሪ እንጂ" አለችኝ።

"አንቺ ካልዋጥሽ አላፈጥርም" አልኳት።

"ፆም ማቆየት አይወደድም፣ ቁርዓን ቤት ነግረውናል።"

"እንግዲያ ወንጀሉን አብረን እንካፈላለን።"

ሳቀችብኝ። እኔም እልኸኛ እንደሆንኩ ታውቂ የለ፤ "አንቺ አይደለሽም" ያለችኝ ገና ከሆዴ አልወጣም። ጎረቤቶቹ ገብተው "አንቺ ሴት፣ ከልጅ ጋር እልህ? ፆምሽን ታበላሺያለሽ!" ብለው ጮኹብኝ። ሰዉ ለተራዊህ፣ ለሌሊቱ ሶላት መውጣት ጀመረ፣ እኔ ጠብታ ውሃ አልቀመስኩም። ልነሣ ስል ግድግዳ ይዤ መልሼ ተቀመጥኩ። ፈራች። ለኔ ፈራች፣ ገባሽ? ተምሩን አንስታ ፍሬውን አወጣች፣ ቆርሳ አፏ ከተተች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ላቧ ወረደ። ዋጠች። ከዚያ አፏን በሰፊው ከፍታ እላዬ ላይ ጮኸች፣

"ይኸው! የለም! አሁን አንቺ ዋጪ!"

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እሷ ቀድማ ትውጣለች፣ እኔ ከኋላ። ቂጣ ዋጠች፣ ሽሮ ዋጠች፣ ድንች ዋጠች። ጉንጯ መለስ ብሏል። ሥጋ ገና ነው፣ እሱን ትፈራለች፤ ለዒድ ላስለምዳት አስቤያለሁ።

ይህን ወዲያው ያልጻፍኩልሽ ለምን እንደሆነ አልደብቅሽም። ብትመጪ ትወስጃታለሽ። አሁን የምነግርሽም እንዳትመጪ ነው። ኮበር ግቢ፣ ልጅሽ ደህና ናት፣ በኔ እጅ ናት። አንቺ የሰው ልጅ አጉርሰሽ አድነሻል፤ ይቺን ደግሞ እኔ አድኛለሁ። ተይልኝ።

ነኢማ


ደማም
መጋቢት 13 ቀን 2017

ለእህቴ ለነኢማ፣ ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለማታ ማታ መሶብሽ።

ደብዳቤሽን አንብቤ "አልሀምዱሊላህ" ብዬ ሱጁድ ወረድኩ። ከሱጁዱ ስነሣ ግን ፊቴ ቅጥል አለ። እኔ የጀመርኩትን አንቺ ጨረስሽው። ደግሞ በመራብ! እንዲህ ያለ ነገር ከማን ተማርሽ? እኔ ብሆን ይታሰበኝ ነበር? ሌሊቱን "አንቺ አይደለሽም" ያለችሽን እያሰብኩ ደስ ሲለኝ፣ "አሁን አንቺ ዋጪ" ያለችሽን እያሰብኩ ሲያመኝ አደርኩ። አላህ ይይልኝ፣ እንዲህ ያለች እናት አላየሽም።

አልተውልሽም። ኮበርን እንቢ ብያለሁ። ፈሀድ ኹሩጁን አስመታልኝ፣ ለዒድ ዋዜማ እደርሳለሁ ኢንሻአላህ። ማዳም ወርቅ ቀለበት ሰጠችኝ፣ ጣቴ ላይ እራሷ አጠለቀችልኝ። ያችኑ ጣቴን ይዛ ቆየች። ሲሀም እቃ ስጠቀልል አይታ "የት ነው?" አለችኝ። "ልጄ ጋ" ስላት "እሷም አትውጥም?" አለች። "ትውጣለች፣ ሌላ ሰው አለምዷታል" አልኳት። ትከሻዋን ሰብቃ ወደ እናቷ ሮጠች። ልጅ እንዲህ ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ።

ጀነትን አንቺ አሳድገሻታል፤ ከቤትሽ አላወጣትም፣ ይህን ማልሁልሽ። እኔ ነኝ ወደናንተ የምገባ፤ ሦስታችን ከአንድ መሶብ እንበላለን። እናቴ ትበልጣለች፣ አክስቴ ትበልጣለች እያለች ብታጣላን እንኳ ደስ ይለኛል፣ አጠገቧ ሆኜ ልጣላ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ቂጣውን አንቺ፣ ሽሮውን አንቺ፣ ተምሩን አንቺ፤ ሐላልሽ ይሁን። ሥጋውን ግን አታስለምጃት። ገና ነው ብለሽ የለ? ገና ይሁን። አውቃለሁ፣ እናት ልጇ ትፍራ ብላ አትለምንም። እኔ ግን እለምንሻለሁ፤ እስክደርስ ድረስ ይህችን አንድ ፍርሃት አታስወጪባት፣ ለኔ እጅ ትትረፍልኝ።

እህትሽ ሙህሲና